ጭስ ጉልበት አይደለም

አዴት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ የባሕር ዳር መኪና የሚጠብቅ ሰው፣ የተጎረመሰ ዲኤክስ ሲመጣ ከዓይኑ በፊት ጆሮው ይነግረዋል። ማርሚታው ወጥቶ ተጥሏል፤ ወገቡ ዝቅ ብሏል፤ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይጎትታል። ባለቤቱን ብትጠይቁት ‹‹ጉልበት ጨምሬበት ነው›› ይላችኋል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

አንባቢ ሆይ፣ የአሮጌ መኪና ጠላት አይደለሁም። አዲስ አበባ ተቀምጠው ‹‹ይህ ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ለምን አይወገድም?›› የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰው ሰው በእጁ ያለውን ሞተር አክብሮ ከመያዝ ሌላ ምን አማራጭ አለው? እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጃፓን የሠራችው ያ ኮሮላ፣ ቆጣሪው ስንት ጊዜ ዞሮ ከዜሮ እንደጀመረ ባለቤቱም አያውቅም፤ ግን ይሠራል። ጠቤ በስሙ ‹‹ሞዲፋይ›› እየተባለ ከሚገድለው ሰው ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዴት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር አምስት እጅ አንዱ ያህል የለም። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተር ያለው ሞተር ሳይነካ እንኳ ቤንዚን ይበዛበታል። እኛ ጋ ግን ‹‹አቅም አነሰው›› ተብሎ የካርቡራተሩ የቤንዚን ቀዳዳ ይሰፋል! መጥበብ የነበረበት እዚህ አገር ነው። የሚተርፈው ቤንዚን ሳይቃጠል የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፤ ዘይቱን ያቀጥናል፤ ፋሻውን ይበላል። ጥቁሩ ጭስ እንግዲህ ያ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ሰውየው ገንዘቡ ሲበን እያየ ይኮራል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ቴስታታውን ያስልጩና የካንዴላውን እሳት ያስቀድሙታል። አዴት ላይ ሲሞከር መኪናው ይበራል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ያው መኪና አዲስ አበባ ሊሄድ ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ሲጀምር አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ጭነቱ ሙሉ ነው። ደጋ ላይ ዝም ያለው ሞተር ያን ጊዜ ማንኳኳት ይጀምራል። ባለቤቱ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። ፒስተኑ የሚቀደደው እዚያ ነው።

የእህቴ ልጅ መኪና ግን እስከ ዓባይ እንኳ አልደረሰም። አምና ከአዴት ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ራዲያተሩ ፈላ። ‹‹ጋሼ፣ አሮጌ ስለሆነ ነው›› አለኝ። ወርጄ አየሁት፤ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በዚህ ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሞቆ እንኳ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ውኃው ይፈላል፣ ይጎድላል። በብዙዎቹ ዲኤክሶች ውስጥ ያለው 1.3 ሊትር ሞተር ደግሞ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ሲግል አሉሚኒየሙ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። የሆነውም ይኸው ነው።

ታዲያ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ከዚያ በፊት መኪናው ሲሞቅ ምን መፍትሔ ሰጥቶት ኖሯል? ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል! ይህ መቼም የአገራችን የመካኒክ ሃይማኖት ሆኗል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዴት የጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፤ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ጭቃ ይሆናል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። መሞቁንም ቢሆን አላዳነውም፤ ጥፋቱ ክዳኑ ላይ ነበራ።

‹‹መለወጥ ክልክል ነው›› የሚል ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ከሌላ ቶዮታ የወጣ 1.6 ሊትር ሞተር የገባለት ዲኤክስ ዓመታት ሲያገለግል አይቻለሁ። ባለቤቱ ግን ሞተሩን ሲያሳድግ ራዲያተሩንም አሳደገ፤ ፍሬኑንም ለወጠ፤ የዘይት ግፊትና የውኃ ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት ዳሽቦርዱ ላይ አስገጠመ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይራል፤ ኮረኮንች መንገድ የሚውል ከሆነ ከዚያም ቀድሞ። የአየር ማጣሪያውን ‹‹ይተንፍስ›› ብሎ አልጣለም። የጎጃም የበጋ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ያውቃልና። ጥቁር ጭስ ሲወጣው አላየሁም፤ ሲያልፍም ማንም ዞሮ አያየውም። ወጣቶቻችንን የሚያስጠላቸው ይኼኛው ይመስለኛል። ለድምፅ ማጉያ የሚከፈለው ገንዘብ እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሞተር ወርዶ ተበትኗል። በቀደም ደወለልኝ። ‹‹ጋሼ፣ ቴስታታው ተስተካክሏል፤ ለማርሚታ የሚሆን ትንሽ ብር ታበድረኛለህ? ድምፁ ወፈር የሚል አግኝቻለሁ›› አለኝ። አላበደርኩትም። ክዳንና ቴርሞስታት ገዝቼ በአውቶቡስ ላክሁለት። እስካሁን ደረሰኝ አላለም።