አባት መተማ ሲወርድ የእናት ሸክም

ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኘው የመተማ ሰሊጥ በማን ክንድ እንደሚታረምና እንደሚታጨድ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ጎተራቸው የጎደለባቸው የደጋ ገበሬዎች ናቸው። ቆላው ወባና ካላዛር አለበት፤ ከኋላ ቤቱን የምትይዘው ደግሞ ሚስት ናት።

የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው፣ ምሥራቅ በለሳን በመሰሉ ወረዳዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጀመረ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል፤ ወላጆች የልጆቻቸውንም ድርሻ ጨምረው እርከን ይሠራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ። ጧሪ የሌለው አረጋዊ ያለ ሥራ ይደገፋል። ድጋፉ በወቅቱ የደረሰለት ቤት በችግር ጊዜ በሬውንና ፍየሉን ለመሸጥ አይጣደፍም።

ይሁን እንጂ ሥራውና ክፍያው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ላሉት 6 ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጎተራ የሚራቆትበት፣ መተማም አራሚ የሚፈልግበት ወቅት ነው። ስለዚህ አባወራው ይወርዳል። ሳይመለስ የቆየ እንደሆነ፣ ውኃ ቀድታና እንጨት ለቅማ የምትውለው እናት የእርሱንም ድርሻ ድንጋይ ትሸከማለች።

በደንቡ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉን ታገኛለች። ይህ ችሮታ ሳይሆን መብቷ ነው። በገጠር እኅት ያላችሁ ይህን አስረዷት። በቤታችሁ የምትሠራው ልጅም ከእንዲህ ያለ ጓዳ የወጣች ልትሆን ትችላለችና ደመወዟን አታዘግዩባት፤ ለእናቷ ቤት የሐምሌ እህል ነው።