ቆርቆሮው ከመገዛቱ በፊት

መቼም ክረምቱ አልፎ መስቀል ከዋለ በኋላ በሰፈራችን የመዶሻ ድምፅ አይጠፋም። የሚያፈስ ጣራ ይከደናል፤ የተሸረሸረ ግድግዳ ይለሰናል፤ አቅም ያለው ደግሞ በረንዳውን ዘግቶ ሱቅ ያወጣበታል። የራስን ቤት ማደስ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሰሞኑን ለማኅበራችን ኮሚቴ ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለና ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ልንመልሰው ወደድን። ይኸውም፣ «ቤቱ የቆየ ነው፤ የድንጋይና የኖራ ነው፤ ቅርስ ነው ይባላል። ለመቀየር ማስፈቀድ አለብን ወይ?» የሚል ነው።

አዎን፣ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የሚጠየቀውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ጥንታዊ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። በዚያ ስሌት ብንሄድ ኖሮ በከተማችን የሚቆጠር ሕንፃ ፍለጋ ብዙ በደከምን ነበር። በጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ ያለው፣ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው የሚባለው የድንጋይ ግንብ ይቆጠር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ገዳማቱ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ግን ዕድሜ አልቆረጠም። የሚጠይቀው የታሪክ፣ የሳይንስ፣ የባህል፣ የኪነ ጥበብ ወይም የእደ ጥበብ ዋጋ አለው ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ የጣሊያን ጊዜ ቤትም ሊገባበት ይችላል። ይኸው አዋጅ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ ሁሉ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ደንግጓል። ልብ በሉ፣ ማፍረስ ብቻ ሳይሆን ጥገናም ጭምር ነው። «እኔ እኮ አደስኩ እንጂ አላፈረስኩም» የሚለው ክርክር አያዋጣም ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ የቢሮ ማንገላቻ አድርጎ ያየዋል። እስቲ ጎንደርን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኢጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ሕንፃዎች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኗቸው። ለጊዜው ጠንካራ መስሎ ታየ። የኖራ ግድግዳ ግን ውኃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለብስ መውጫ ያጣው እርጥበት እዚያው ይቀራል፤ ጨው ይዞ እየደረቀ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል። ከዓመታት በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። አንድ ጊዜ መጠገን የነበረበት ሁለት ጊዜ ተጠገነ። ጎንደር እንዲህ ከሆነ፣ የጣና እርጥበት ከግድግዳችን የማይለየን እኛማ ምን ልንሆን ነው? በኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስን ሰው ቤቱን ያጠነከረ ይመስለዋል፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ልስኑ ከነድንጋዩ ፊት ይላጣል።

የጣራው ነገር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። በዘጌና በደሴቶቹ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ድሮ በሣር የተከደኑ ነበሩ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ካህናቱን ለመውቀስ አንቸኩል። ሣር በየጊዜው መቀየር አለበት፤ አጫጁም ከዳኙም እያነሰ ሄዷል፤ እሳቱም ያሰጋል። ውስጥ ያለው ሥዕል ብዙው በጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነውና አንዲት ፍሳሽ የስንት ዘመን ቀለም ይዛ ትወርዳለች። ቆርቆሮው ይህን ከለከለ። ግን ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፤ ላቡም እንደ ፍሳሽ ሥዕሉ ላይ ነው የሚያርፈው። የዝናቡ ጩኸትማ አይነሣ፤ ቅዳሴ አያሰማም። እኛ ብንጠየቅ፣ ከዳኝ እስከተገኘ ድረስ ሣሩን እንመርጣለን። ሌላው በበኩሉ ቆርቆሮ ይሻላል ቢል የሚናቅ ምክንያት አለው። ለዚህም ነው የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ አይቶ ይወስን የምንለው፤ ጣራው አንዴ ከተነሣ በኋላ ክርክሩ ዋጋ የለውም።

ትልቁ ችግር ግን ፍርሃቱ ነው። «ከተመዘገበ ተወሰደ» የሚል ወሬ በየቡናው ይነገራል። መዝጋቢ ይመጣል ሲባል የአባቱን ቤት የዋንዛ በር ነቅሎ ማገዶ ያደረገ ሰው እንዳለ ሰምተን አዝነናል። ኧረ እንዲህ አይደለም። አዋጁ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ባለቤቱ በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የጥገናው ወጪ ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊረዳው ይችላል። (ሊረዳ ይችላል ነው እንጂ ይረዳል አይልም፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንናገራለን።)

የቀበሌ ቤት ተከራዮች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ብዙ ነባር ቤት የቀበሌ ሆኗል። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ በእሱ ቤቱ አይታደስም። ተከራዩ ከኪሱ እንዳያወጣ «ለማን ብዬ?» ይላል፤ እውነቱን ነው። እንዲህ ባለው ቤት ተከራዩ ብቻውን ቢያመለክት ማን ይሰማዋል? ማመልከቻው ላይ አከራዩ መሥሪያ ቤትም ይፈርም፤ ይህን ለማስፈረም ኮሚቴያችን አብሮ ይሄዳል።

ለሹማምንቶቻችንም የምንለው አለን። ጠያቂው ክረምት መጣብኝ እያለ መልሱ ለወራት ከመዝገብ ቤት ካልወጣ፣ ሰው ሥራውን በሌሊት ይሠራል። የከለከላችሁትን በጽሑፍ ከልክሉ፤ ምክንያቱንም ጻፉ፤ በምን ዓይነት ኖራና እንጨት ቢሠራ እንደሚፈቀድ አመልክቱ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ስንት ነባር ቤት ሲፈርስ ያየ ሰው፣ «ሠፈር ሲፈርስ ዝም ተብሎ እኔን በር ቀየርክ ይሉኛል?» ብሎ ጠይቆናል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው ብለን መለስንለት። ፊቱን ስናየው ግን አላመነንም። እንዲያምን ማድረግ የእናንተ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ማመልከቻ የምታቀርቡ ጎረቤቶቻችን ቤቱን ከአራቱም ማዕዘን፣ ጣራውንና ውስጡን ጭምር ፎቶግራፍ አንሡ። አሁን ያለበትንና ልታደርጉ ያሰባችሁትን በሁለት ወረቀት አሥሉ፤ የባለቤትነት ወይም የኪራይ ማስረጃ አያይዙ፤ የምትጠቀሙበትን ዕቃ በስሙ ጻፉ፤ «እድሳት» ብቻ ብሎ ማለፍ ጥያቄ ያስነሣል። ማመልከቻው ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ይግባ፤ ሕንፃው ብሔራዊ ቅርስ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ይሻገራል። የከተማው የግንባታ ፈቃድ ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ያስገባችሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሡ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ለግንበኛ ቀብድ አትክፈሉ። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ሸራ ወይም ላስቲክ አልብሱት፤ ምስማር ግን ከነባሩ እንጨት ላይ አትምቱ። የወለቀ በር፣ ማጠፊያና መስኮት አትሽጡ፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ማመልከቻ የሚጽፍላቸው የሚፈልጉ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይምጡ፤ ፎቶግራፉን ይዘው ይምጡ።