ሙሳፊር በበረዶ መንገድ ላይ



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአገር ቤት ሰው የሩቅ ሊመስል ይችላል። እኛ ዘንድ ልጆች ከትምህርት ረዘም ላለ ጊዜ የሚያርፉት ዝናቡ ሲበረታ፣ በክረምት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መግቢያ ባለው የብርድ ወቅት ትምህርት ቤቶች ለአንድና ለሁለት ሳምንት ይዘጋሉ። ዓመቱን ሙሉ በሥራ ፈረቃ ሲተላለፍ የከረመ ቤተሰብ ያኔ በአንድ ማዕድ ይሰበሰባል። ልጆች ጠዋት ቁርኣናቸውን ይከልሳሉ፤ ከቀትር በኋላ ደጅ ወጥተው በበረዶ ይጫወታሉ። እናት በሌላ ከተማ ያለች እህቷን አስባ «ዘንድሮስ ሳልጠይቃት አልቀርም» ትላለች። አባትም መኪናውን ያሰናዳል። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በጀርመንና በስዊድን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ወቅት መንገድ ይገባሉ።

ዝምድናን መቀጠል ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ልጆችን ማዝናናትም የወላጅ ወግ ነው። ስለዚህ «ጉዞው ይቅር» አንልም። ነገር ግን በበረዶ መንገድ ላይ አደጋ የሚመጣው ሰው ከሚፈራው በኩል ብቻ አይደለም። የእኛ አገር በረዶ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ «መጣሁ» እያለ ይወርዳል። የዚያ አገሩ ግን እንደ ባዘቶ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ይቆለላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ልጆችን እያሳቀ መንገዱን ይዘጋል። ይህንን በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት አገሮች ከደረሰው እንመልከት።

የሙሪ ሌሊት

ሙሪ ከፓኪስታን ዋና ከተማ ከኢስላማባድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ የተራራ ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ነገር ግን ከምድር ወገብ ርቃ ስለምትገኝ በብርድ ወራት በረዶ ይጥልባታል። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለወታደሮቻቸው ማገገሚያ ይሆን ዘንድ ቆረቆሯት። የቆላው ሕዝብ በበጋ ከሐሩር ለመሸሽ፣ በብርድ ወራት ደግሞ ለልጆቹ በረዶ ለማሳየት ወደዚያች ከተማ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ፣ ማለትም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአገሩ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ከባድ በረዶ እንደሚጥል አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። ሆኖም በረዶ ይጥላል መባሉ ብዙ ሰው ወደ ተራራው እንዲጎርፍ አደረገ። በእነዚያ ቀናት ወደ ሙሪ የገባው መኪና ከ100,000 በላይ እንደነበረ ባለ ሥልጣናት ተናግረዋል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ነው።

ዓርብ ጃንዋሪ 7 ማታ ውሽንፍር ተነሣ። ዛፎች በመንገድ ላይ ወደቁ፤ በረዶው ከአንድ ሜትር በላይ ተቆለለ፤ መኪናው ሁሉ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተው። ጨለመ። አባቶች ሞተር አስነሥተው ማሞቂያ ከፈቱ፤ እናቶች ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግተው ልጆቻቸውን አቀፉ። ማን እንዲህ አያደርግም?

ሲነጋ ቢያንስ 22 ሰዎች በየመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከእነርሱም መካከል አሥሩ ልጆች ነበሩ። ከኢስላማባድ የመጣ አንድ ፖሊስ ከሰባት ቤተሰቡ ጋር በአንድ መኪና ውስጥ ሞቷል። አላህ ይማራቸው፤ ለወገኖቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው።

በኋላ በተደረገው ማጣሪያ፣ በረዶ የሚጠርጉት መኪናዎች በየመንገዱ መሰማራት ሲገባቸው ብዙዎቹ በአንድ ቦታ ቆመው እንደነበር ተገለጸ፤ 15 ባለ ሥልጣናትም ከሥራቸው ታገዱ። በችግሩ ሰዓት የአልጋ ዋጋ ሰቅለዋል የተባሉ ሆቴሎችም ታሸጉ። በአንጻሩ ደግሞ ከየቤታቸው ምግብና ብርድ ልብስ ይዘው ወደ መንገዱ የወጡ የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ።

ሽታ የሌለው ገዳይ

እነዚህን ሰዎች የገደላቸው ብርዱ ብቻ ነበርን? አይደለም። ለብዙዎቹ ሞት ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ይህ ጋዝ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። በረዶ ተቆልሎ ማውጫውን ሲደፍነው ግን መውጫ ስለሚያጣ ከመኪናው ሥር ይታመቃል፤ በቀዳዳ በቀዳዳው እየሾለከም ሰዎቹ ወደተቀመጡበት ይገባል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ደግሞ አይወጣም።

ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የደከመ መንገደኛ ደግሞ እንቅልፉን ከድካም ይቆጥረዋል። ልጆች ትንፋሻቸው ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ይጎዳሉ።

አሁን የአገር ቤት አንባቢያችን ነገሩን ሳይለየው አልቀረም። በብርድ ሌሊት የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ የተኛውን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። «ከሰል አፈናቸው» ስንል የኖርነው ይህንኑ ነው። እናቶቻችን ከሰሉ ፍም እስኪሆን ድረስ በደጅ ማቆየታቸው ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን አያጠፋም። የፋመው ከሰልም ይገድላል። ስለዚህ ይህ ትምህርት በረዶ አይቶ ለማያውቀውም ቤት ነው።

በዚያው ሳምንት በሌላ መንገድ

ከሙሪው ሌሊት አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኞ ጃንዋሪ 3 ቀን 2022፣ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ሌላ መንገድ ተዘግቶ ነበር። በሪችመንድና በዋሽንግተን መካከል የሚያልፈው ቁጥር 95 አውራ ጎዳና ነው፤ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። የዕረፍቱ ጊዜ አልቆ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ነበር። መጀመሪያ ዝናብ ስለዘነበ፣ በረዶ እንዳይጋገር አስቀድሞ የሚረጨው ጨው ታጥቦ ይሄዳል ተብሎ ሳይረጭ ቀረ። ወዲያው በሰዓት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ይጥል ጀመር። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ተንሸራትተው መንገዱን ዘጉት። 77 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ ቆመ፤ አንዳንዶች ከ24 ሰዓት በላይ በመኪናቸው ውስጥ ቆዩ። የግዛቲቱ ሴናተር ቲም ኬይን እንኳ ሁለት ሰዓት በሚወስደው መንገድ ላይ 27 ሰዓት ቆይተዋል።

በዚያ መንገድ ላይ የሞተ ሰው አልነበረም። ሁለቱ መንገዶች አንድ ዓይነት ናቸው አንልም። የቨርጂኒያው ሰፊና ሜዳማ ነው፤ በረዶውም የሙሪውን ያህል አልነበረም። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን እንማርበታለን።

አንደኛው፣ ነዳጅ እንዳያልቅባቸው የሰጉ ብዙዎች ሞተሩን ሌሊቱን ሙሉ አላስነሡም፤ ጥቂት አሙቀው ያጠፉ ነበር። ሁለተኛው፣ ሰዎች ከየመኪናቸው እየወረዱ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። ከፍሎሪዳ የሚመለስ አንድ ቤተሰብ የያዘውን ብርቱካን በየመኪናው እየዞረ አድሏል፤ ሴናተሩም ደርሷቸዋል። አንድ ባልና ሚስት ደግሞ በአጠገባቸው የቆመ የዳቦ መኪና አይተው ወደ ድርጅቱ ስልክ ደወሉ፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ ከሾፌሩ ጋር ሆነው ዳቦውን ለመንገደኛው አከፋፈሉ። እነሆ፣ የጎረቤት ሐቅ በአውራ ጎዳና ላይ! መስኮት ያንኳኳ ሰው ዳቦ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ የተኛውንም ይቀሰቅሳል።

ተወኩልና ሰበብ

«አላህ ያውቃል፣ ዝም ብለን እንውጣ» የሚሉ አይጠፉም። ተወኩል ግን ሰበብን መተው አይደለም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) እጅግ በበረደ ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነባቸው። ቢታጠቡ ራሳቸውን እንዳያጠፉ ፈርተው በተየሙም ባልደረቦቻቸውን አሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸውና ዐምርም ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ ነቢዩ ሳቁ፤ አልነቀፏቸውም። ለብርድ መጠንቀቅ የኢማን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ለሶላት እንዲህ ያለ ገር መንገድ ባልተተወ ነበር። ሙሳፊር ሶላትን የሚያሳጥርበትንና የሚያጣምርበትን ሥርዓት ከመነሣቱ በፊት ከዑለማ ጠይቆ ቢይዝ መልካም ነው።

እንግዲህ ሰበቡ ይህ ነው፦

ከመውጣታችሁ በፊት የአየሩን ትንበያ ስሙ፤ ከባድ በረዶ ከተባለ ጉዞውን በአንድ ቀን አዘግዩት። ነዳጅ ሙሉ። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ ቴምርና ዳቦ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪና የስልክ መሙያ ያዙ። የምትሄዱበትን መንገድና የምትደርሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ።

መንገድ ላይ ከተዘጋባችሁ መኪናውን ትታችሁ በውሽንፍር ውስጥ አትሂዱ፤ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት። ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት ወርዳችሁ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለውን በረዶ ጥረጉ፤ በረዶው እየጣለ ከሆነ ደጋግማችሁ ጥረጉ። ሞተሩን በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሡ፤ ያን ጊዜም ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮቱን ጥቂት ክፈቱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይተኛ፤ በተራ ንቁ። ልጅ «ራሴን አመመኝ» ካለ ወዲያው ሞተሩን አጥፉና ንጹሕ አየር አስገቡ። በአጠገባችሁ ያለውንም መኪና አንኳኩ።

አንድ ቃል ደግሞ ለሚጠባበቁት። ብዙ አባት በክፉ መንገድ ላይ የሚፈጥነው በሌላ ከተማ ድስቱ ተጥዶ፣ ስልኩ በየሰዓቱ እየተደወለ «የት ደረሳችሁ? እስካሁን?» ስለሚባል ነው። እንግዳ አክባሪነታችን የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እንግዳን ማቻኮል ከአክብሮት አይቆጠርም። ምግቡ ቢበርድ ይሞቃል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ላለ ወገናችሁ ስትደውሉ «አትቸኩሉ፣ ካመሸባችሁ እዚያው እደሩ፣ ነገ እንጠብቃችኋለን» በሉት። ይህች ቃል መኪናውን ከሞላው ነዳጅ ትበልጥ ይሆናል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስ፤ ቤት የቀሩትንም ከክፉ ይጠብቅ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።