ስለ ትሉ ሲነገር የተዘነጋው ዛፍ

በሀገራችን ስለ ጽናት የሚናገር ሰው፥ መምህርም ቢሆን ሰባኪም ቢሆን፥ በአዳራሽ ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያነቃቃ ተናጋሪም ቢሆን፥ ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ታሪክ ይደርሳል፤ ይኸውም በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፥ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣ፥ ሲወድቅ፥ ደግሞም ሲወጣ አይቶ ልቡ የተመለሰበት ታሪክ ነው። እኔም በልጅነቴ ሰምቼው ያደግሁ፥ ዛሬም ስሰማው ደስ የሚለኝ ነኝ። ነገር ግን አሁን የሚነገርበት አኳኋን እውነቱን ከወገቡ የሚቆርጥ፥ በድካም ላይ ያለውንም ልጅ ያለ አግባብ የሚከስስ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

የዘመኑ አስተሳሰብ ጽናትን በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚገኝ ሀብት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ሀብቱ ያለው ከግቡ ይደርሳል፥ የሌለው ከመንገድ ይቀራል ይላል። ስለዚህም የወደቀውን ሁሉ ወኔ እንዳነሰው ይፈርድበታል፤ ልጁ በምን ቤት፥ በማን እጅ፥ በምን እንጀራ እንደተማረ ግን አይጠይቅም። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ውጤት ተገልጦ፥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በታወቀ ጊዜ በየቤቱና በየአደባባዩ የሰማሁት ቃል «ይህ ትውልድ ጽናት የለውም» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ፈተና አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ድካም በየልጁ ልብ ለየብቻው የሚበቅል ነገር ቢሆን ኖሮ፥ ስንዴና እንክርዳድ በአንድ እርሻ እንደሚገኙ ሁሉ ትጉውና ሰነፉ በየትምህርት ቤቱ ተቀላቅለው በታዩ ነበር እንጂ፥ በአንድ ግቢ የተሰበሰቡት ሁሉ አንድ ሳይቀር ባልወደቁ ነበር። በቀጣዩም ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ሲሆን የተሰማው ያው ክስ ነው።

አሁን ወደ ትሉ ልመለስ። ትሉ በወደቀ ቁጥር ዛፉ ከስፍራው አልሄደም፤ ቅርፊቱም ለትንሽ እግር መያዣ የሚሆን ሻካራ ነበረ። ያሬድም ከመምህሩ ከጌዴዎን የሸሸው፥ ትውፊቱ እንደሚለው፥ ስለ ተገረፈ ነው፤ በተመለሰም ጊዜ ጌዴዎን ይቅርታውን ተቀብሎ ዳግመኛ አስተማረው። የግዕዝ፥ የዕዝልና የአራራይ ዜማ አባት የሆነው ሰው ወደ ትምህርቱ የተመለሰው በዚህ ዳግመኛ በተከፈተ በር ነው። ተናጋሪዎቻችን ግን ትሉን ተርከው ሲያበቁ ስለ በሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹማ ግርፋቱን የጽናት አባት አድርገው ያመሰግኑታል፤ ሕፃኑን ከትምህርት ያሸሸው ያ ግርፋት መሆኑን ታሪኩ ራሱ እየመሰከረ!

የረጅም ዘመን ትጋት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቢኖር የአብነት ትምህርት ቤት ሰው ነው። ከፊደልና ከዳዊት ተነሥቶ፥ በዜማው፥ በቅኔውና በመጻሕፍት ትርጓሜው አልፎ መምህር ለመባል ከሃያ ዓመት በላይ የሚፈጅበት ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ዘመን ተማሪው በብረት ልብ ብቻ የተሻገረው ይመስለን ይሆናል። የቅኔውን ጉባኤ ቀርቦ ያየ ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ጀማሪው በመጀመሪያው ወራት ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እንዲቀኝ አይጠየቅም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና፥ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፥ ከዚያም ወደ ዋዜማውና ወደ ሥላሴው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀኑን ከጫካ ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመሽ ግን የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርምለታል፥ ያቃናለታል። የተሳሳተው ሳይታረም አያድርም፥ እስከ ዓመት መጨረሻም አይቈይም። ሃያው ዓመት የሚቻል የሆነው እያንዳንዱ ቀን የሚሰማው ጆሮ ስላለው ነው።

እንጀራውስ? «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ለሚቆመው ተማሪ የማያውቀው ባላገር ከሞሰቡ ቈርሶ ይሰጠው ነበር፤ ያ ባላገር ቅኔ አያውቅ ይሆናል፥ ነገር ግን የቅኔው ጽናት በከፊል የእርሱ ነው። ደግሞም ተማሪው ከዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ተነሥቶ ወደ ዋድላው ቢሄድ፥ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን በአንዱ ደብር ተምሮ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ቢወጣ፥ የጀመረውን ጥሎ ኰበለለ ብሎ የሚነቅፈው አልነበረም፤ ሀገር ለሀገር፥ መምህር ለመምህር መዞር የትምህርቱ ወግ ነበረ። ዛሬ የትምህርት ዘርፉን የለወጠውን ወጣት ተስፋ ቈራጭ የምንል ሰዎች ይህን ወግ እንዴት ዘንግተነው ይሆን?

የአብነቱን ቤት ያለ ነውር አላቀርበውም። በረኃብ፥ በቍርና በበሽታ የወደቁ ብዙ ተማሪዎች አሉበት፤ ስማቸው ስላልተጻፈ ብቻ የጽናት ትርክታችን ሙሉ መስሎ ይታየናል። «የራሱ ፈቃድ ካልኖረበት ጉባኤውም መምህሩም ምን ያደርጉለታል?» የሚል ቢኖርም እውነት አለው፤ የሌላውን ቅኔ ማንም አይቈጥርለትም። እኔ የምጣላው ፈቃድን ካመሰገነው ሰው ጋር አይደለም፤ ፈቃድን አመስግኖ ልጁ የተማረበትን ቤት ከተጠያቂነት ነፃ ካወጣው ሰው ጋር ነው። ምግብ ሳይኖር፥ መጽሐፍ ሳይኖር፥ ሲሳሳት የሚያርመው ሳይኖር «ጽና» የሚል ምክር፥ ለመካሪው የማያስከፍል፥ ለተመካሪው ግን እጅግ የሚከብድ ቀንበር ነው።

ከጎረቤቶቼ የአንዱ ልጅ ያን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወድቆ በቤቱ ሲቀመጥ፥ ሊያጽናኑት የመጡት ሁሉ፥ አስቀድሞ እኔ ራሴ፥ ስለ ትሉ ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን፥ ምንም አልመለሰም። በኋላ ግን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን የጨረሰች የሰፈራችን ልጅ «ማታ ማታ ደብተርህን ይዘህ ና» አለችው። አሁን አመሻሽ ላይ በደጃቸው ሳልፍ፥ የቀኑን የሒሳብ ሥራ አንድ በአንድ ሲያስረዳትና፥ ከተሳሳተበት ሲደርስ «እዚህ ጋ ተመለስ» ስትለው እሰማለሁ።