የቢሮውን ኪራይ ማን ይክፈለው?

ሥራን ከቤት ሆኖ መሥራት ይበጃል ወይስ ይጎዳል? «ይበጃል» የምትለው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። «ይጎዳል» የሚሉት በሰው ኃይል አስተዳደር ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ይበጃል

ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ስለ ሁሉም ሰው አይደለም የምናወራው። ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪው ቤታቸው ተቀምጠው መሥራት አይችሉም። እኔ የምከራከረው እንደኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ደረሰኝ ስለሚያመሳክር፣ ስለሚተረጉም፣ የደንበኛ ስልክ ስለሚያነሳ ሰው ነው። የዚህ ሰው ሥራ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ላፕቶፑን አዝሎ መገናኛ ለምን እንደሚሰለፍ እስካሁን ያስረዳኝ አለቃ የለም።

ሰልፉን ያውቁታል። ከእኛ ብሎክ ተነስቼ ሜክሲኮ በሰዓቱ ለመግባት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለብኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ በሦስት ሰው ወንበር አራት ሰው ያስቀምጣል። መገናኛ ወርጄ ሌላ ሰልፍ እይዛለሁ። ዝናብ ከጣለ፣ ለእንግዳ መንገድ ከተዘጋማ አያድርስ ነው። ማታ ደግሞ ያው ጉዞ በግልባጩ፤ ከታክሲ ወርዶ በጨለማ እስከ ብሎክ መሄድ ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም፣ ሴት ልጆች አሉዎት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። አስፋልት ላይ የሚያልቀውን ሰዓት ግን የሚቆጥርልኝ የለም። ከተማዋ ሰዎቿን ወደ ዳር እያስወጣች ቢሮዎቿን መሐል ትታለች፤ ልዩነቱን የምንከፍለው እኛ ነን።

«ቤት ከዋላችሁ ሥራ ይበደላል» ለሚሉኝ ሻንጋይን እጠቅሳለሁ። ሲትሪፕ የሚባለው የቻይና የጉዞ ኩባንያ፣ የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉም ባለበት፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለ9 ወራት አንድ ሙከራ አካሄደ። ፈቃደኛ የሆኑ የስልክ ማዕከል ሠራተኞቹን በልደት ቀናቸው ሙሉና ጎዶሎ ብሎ ለየና ሙሉ የሆኑትን በሳምንት 4 ቀን ቤታቸው አሠራቸው። የእነሱ ውጤት ቢሮ ከቀሩት በ13 በመቶ በለጠ፤ ሥራ የሚለቀው ሰውም በግማሽ ቀነሰ።

እኛም አገር ቢሆን ሞክረነዋል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። የእኛም ድርጅት የዚያን ዓመት ሒሳብ የዘጋው እያንዳንዳችን ቤታችን ሆነን ነው። ኦዲተሩ አንድም ቅሬታ አላነሳም፤ ኦዲተር ቅሬታ ሲያጣ ደግሞ እምብዛም አይታይም።

ይጎዳል

ልጄ፣ በሰልፉ አልከራከርሽም፤ ተሰልፌ አውቀዋለሁ። ግን የታክሲ ችግር መፍትሔው ታክሲ ነው እንጂ ቤትሽን ለአሠሪሽ በነፃ ማከራየት አይደለም።

ቢሮ ስትገቢ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ዋይፋዩን፣ ወንበሩን፣ ጽዳቱን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል። አንቺ ቤት ሲሄድ ምን ይነሳል? ስልክሽን ከፍተሽ የራስሽን ዳታ ታፈሺያለሽ። ወጪው ሁሉ ወደ አንቺ ይዞራል፣ ደመወዝሽ ባለበት ይቀመጣል። ሻንጋይንም የነገርሽን ግማሹን ነው። ኩባንያው ቤቱ ከሚሠራ ከአንድ ሰው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ እንደሚያተርፍ ተሰልቷል። ያ 13 በመቶም አብዛኛው የመጣው ሰዎቹ ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ ቀንሰው ብዙ ደቂቃ ስለሠሩ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሙከራው ውስጥ ለመግባት ብቻውን የሚሠራበት ክፍል ያለው መሆን ግዴታ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ከእናቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖር ሰው መጀመሪያውኑ አያልፍም። ዘጠኙ ወር አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸውስ ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ፤ ብቸኝነቱ አስመርሯቸው።

የወንድሜ ልጅ ከቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ያየሁትን ልንገርሽ። በኮምፒውተሩ ስብሰባ ላይ ናት። ታች ሰውየው «ቆራሌው!» ብሎ ይጮኻል፣ እሷ ድምፅዋን ትዘጋለች። መልሳ ስትከፍት ጎረቤቷ ዘው ብላ ገብታ «ዛሬም አልሄድሽም? አመመሽ እንዴ?» ትላለች። እንደገና ትዘጋለች። ከጓዳ እናቷ «እስቲ ይቺን ሽንኩርት አየት አድርጊልኝ» ይላሉ። አለቃዋ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ እሷ ማማሰያ ይዛ ቆማለች። ባሏ ከቤት የሠራ ቀን ግን ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል፤ «ሥራ ላይ ነው» ይባላል። ቤት የዋለች ሴት ሥራ ላይ ናት ብሎ የሚያምን ቤተሰብ እኔ አላየሁም።

ከቤት መሥራት ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ጠይቂው። ቤቱ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን ከትቶ ሲሸምን ኖሯል። ነጋዴው ድርና ማግ ሰጥቶት የሠራውን በቁራጭ ሒሳብ ይወስዳል። የወገቡ ሕመም የራሱ ነው፣ የክረምቱ ጨለማ የራሱ ነው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝም የሚራበው እሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ቤቱ ሆኖ ለሌላ ስለሚሠራ ሰው የሚናገርበት ክፍል አለው፤ ውሉንም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ቋሚ ሠራተኛ ነኝ ብለሽ የተኛሽ አንቺ ይህን አንብበሽዋል?

አዲስ ተቀጣሪውንም አስቢው። የቫት ማስታወቂያ አሞላል የተማርሽው ከመጽሐፍ ነው ወይስ አጠገብሽ ከተቀመጠ ነባር ሠራተኛ ትከሻ ላይ አንገትሽን አስግገሽ?

ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በ2012 ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ ሒሳቡን በምን ዘጋችሁት?

ይበጃል

በፍላሽ ነዋ ጋሼ! አንዱ ለአንዱ እየወሰደ። የቢሮውም ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር እኮ፤ አገር ሲጨልም ቢሮ ለብቻው አይበራም።

አዋጁን አንብቤዋለሁ። ያ ክፍል የሚለው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥርና አመራር ቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ስለሚሠራ ሰው ነው። ሸማኔው ልክ ነው፣ እሱ ነው። እኔን ግን አለቃዬ በየጠዋቱ 2:30 ላይ በካሜራ ያየኛል፣ ሥራ ይደለድልልኛል፣ ማታ ሪፖርት ይቀበለኛል። ከዚህ በላይ ቁጥጥር ከየት ይመጣል? የእኔ ውል ያው የበፊቱ ውል ነው፤ የተለወጠው የተቀመጥኩበት ወንበር ነው።

በሽንኩርቱ እውነትዎን ነው። ግን ሽንኩርቱ ቢሮ ብውልም ማታ ይጠብቀኛል፤ ልዩነቱ ሰልፍ አድክሞኝ መድረሴ ነው። ለብቸኝነቱና ለአዲሶቹ ልጆች ደግሞ እዚያው ሻንጋይ መልስ አለ። ያው ኩባንያ፣ ያው ብሉም፣ 1,600 ያህል ሠራተኛ ይዘው ሌላ ሙከራ ሠሩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቤት፣ ሦስቱን ቢሮ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት የሥራ ለቃቂው ቁጥር በአንድ ሦስተኛ መቀነሱን ያሳያል። የሥራ ውጤትም ሆነ ዕድገት አልተጓደለም። ሁለት ቀን ነው የምለምነው ጋሼ። በሦስቱ ቀን ነባሮቹም ያስተምሩ፣ ቡናውም ይፈላ፣ ሐሜቱም አይቅር።

ኪራዩንማ ይክፈላ! ድርጅቱ የቆጠበውን ያካፍል ብል እርስዎ ይቃወሙኛል?

ይጎዳል

አልቃወምሽም፤ እስካሁን ስንት እንዳካፈለሽ ግን ንገሪኝ።

ሁለቱ ቀን ቤት ስትውይ ሥራው ስንት ሰዓት ላይ ይቆማል? ቢሮ ቢሆን 11:30 ላይ ቦርሳ ይነሳል፣ ጥበቃው መብራት ያጠፋል። ቤት ሲሆን ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ይቺን ብቻ እይልኝ» ይመጣል። አዋጁ ለተጨማሪ ሰዓት ቀን ከሆነ በ1.5፣ ሌሊት ከሆነ በ1.75 አባዝቶ ይከፈል ይላል። በቴሌግራም የመጣችውን «ይቺን ብቻ» የመዘገበልሽ ማነው? የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሠራተኛ ክስ ፋይል መሐል ነው፤ በወረቀት ያልሰፈረ ሥራ አልተሠራም ማለት ነው።

ስለዚህ ውልሽ ላይ አባሪ አስጽፊ። ቋሚነትሽ እንደማይነካ፣ የትኞቹን ቀናት ቤት እንደምትውይ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማትጠየቂ፣ የዳታውንና የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን። እንዲህ ያለውን ፈርሞ የሚሰጥሽ ካለ እኔ ሙግቴን አነሳለሁ። በዘመኔ አንድ ሥራ አስኪያጅ ረቂቅ አዘጋጅ ብሎኝ አምጥቼለት ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ አመሰገነኝ፤ የመብራቷን መስመር ሰርዞ መለሰልኝ።

ይበጃል

የመብራቷን ይተዉትና የቀረውን ይላኩልኝ፤ ሰኞ ቢሮ የምገባበት ቀን ነው።