የገዛነው ዕቃ የማን ነው?

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገበያ አንድ ገበሬ በሬ ቢገዛ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ገመዱን ይቀበላል፤ በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሬው የርሱ ነው። ቢፈልግ ያርስበታል፤ ቢፈልግ ከጎረቤቱ በሬ ጋራ ያቀናጀዋል፤ ቢፈልግ በሚቀጥለው ገበያ መልሶ ይሸጠዋል፤ ቢሞትም ልጁ ይወርሰዋል። ሻጩ በማግሥቱ መጥቶ «ዛሬ እንድታርስበት አልፈቀድሁም» ቢለው አገሩ ሁሉ ይሥቅበታል። መግዛት ማለት ይህ ነው፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሌላ ትርጉም አያውቁለትም።

እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንገኘው ወጣቶች ግን «ገዛሁ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተለውጦ ሳለ እንዳልተለወጠ አድርገን እንናገረዋለን። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን የጌም ነገር ነው። ጌም ሲባል ቁም ነገር የሌለው መስሎት ገጹን ገልብጦ የሚያልፍ አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ምክንያቱም ትናንት በጌም ላይ የተሞከረው ነገር ዛሬ በመጽሐፍና በሥራ መሣሪያ ላይ መደረግ ጀምሯል።

የፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው ንግድ በትናንሽ ከተሞቻችን ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ጥቂት ሲዲ ካለ ሥራው ይጀመራል። ልጆቹ በየጨዋታው ይከፍላሉ፤ ብዙ ጊዜም ከፋዩ የተሸነፈው ነው። ሲዲው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በውሰት ይዞራል፤ ሲሰለችም በሌላ ሲዲ ይለወጣል። መብራት እስካለ ድረስ ጨዋታው አይቋረጥም። ማጫወቻው ማንንም አያስፈቅድም፤ ጌሙን የሠራው ኩባንያም ቡሬ የምትባል ከተማ መኖሯን ማወቅ አያስፈልገውም።

የዓለም ገበያ ግን ከዚህ እየራቀ ሄዷል። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ስቲም የሚባለውን መደብር በኢንተርኔት ከፈተ፤ በ2004 ሃፍ ላይፍ 2 የተባለውን ጌም ሲያወጣም ሲዲውን ከሱቅ የገዛው ሰው እንኳ በኢንተርኔት ካላስመዘገበ በቀር መጫወት እንዳይችል አደረገ። በ2013 ማይክሮሶፍት አዲሱ ማጫወቻው ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋራ ካልተገናኘ ጌም እንደማያጫውት አስታወቀ፤ ይሁን እንጂ ተጫዋቾች ስለ ጮኹበት በጁን ወር ሐሳቡን ሠረዘ። በ2020 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 5ን ሲያወጣ አንደኛውን ዓይነት ጭራሽ የሲዲ ማስገቢያ የሌለው አድርጎ ሠራው።

ከሁሉ የባሰው በ2024 የሆነው ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጌም በ2014 አውጥቶ ለዓመታት ሲሸጠው ከቆየ በኋላ፣ ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከማንም ጋራ ሳይወዳደር ብቻውን መንዳት የሚፈልገው ሰው እንኳ መንዳት አልቻለም። ሲዲው በመደርደሪያው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ አልተጫረም፤ አልተሰበረም። ነገር ግን ከአንድ ክብ ፕላስቲክ በቀር ሌላ ነገር አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ ችግር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከማንም ይልቅ እኛን የሚነካ ነው እንላለን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ በሙሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ በሕዝባችን ላይ የደረሰው መከራ ከጌም ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ ማወዳደርም ነውር ነው። ሆኖም ለተነሣንበት ነገር አንድ ትምህርት አለበት። በኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ፣ በፍላሽ የተቀዳ የትምህርት ጽሑፍ፣ በሲዲ ያለ ጨዋታ፣ ይህ ሁሉ መሥመሩ ቢቆረጥም ከባለቤቱ ጋራ ይቆያል። በየቀኑ ከባሕር ማዶ «ተፈቅዶልሃል» የሚል መልስ የሚጠብቅ ዕቃ ግን መሥመሩ ሲቆረጥ አብሮ ይሞታል። ሲያትል ወይም ፓሪስ የተቀመጠ ሰው «በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ መገናኘት ምን ያስቸግራል?» ብሎ ሲያስብ፣ ሰከላ ወረዳ ያለውን ተማሪ አላሰበውም።

በዚህ ላይ የመክፈሉ ችግር አለ። እነዚህ መደብሮች ዋጋቸውን በብር አይተምኑም፤ ብራችንንም በቀጥታ አይቀበሉም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የተባለው ጌም የሶኒ አካውንት ለመክፈት በማይቻልባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ወጥቶ ነበር፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ናቸው። እንግዲህ ሲዲ በአውቶቡስ ተጭኖ የትም ይደርሳል፤ አካውንት ግን የሚደርሰው በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ወዳለበት አገር ብቻ ነው።

ነገሩን በአገራችን ቋንቋ ብናየው ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። የጎጃም ሰው ርስትና ጭሰኝነት ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አልተማረም። ርስት ማለት ንጉሥ ቢለወጥ፣ ገዥ ቢሻር፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው። ጭሰኛ ግን መሬቱን ያርሳል፤ ያለማል፤ ባለመሬቱ ተነሥ ባለው ቀን ይነሣል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ስለዚህ ጭሰኛ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ በተነሣ ጊዜም ያስፈራው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቴ ተለክቶ ርስትነቱ ይፈርሳል የሚል ሥጋት ነበረው።

ዛሬ እኛ ከኢንተርኔት መደብር ጌም ስንገዛ በማናነበው ረጅም ውል ሥር «ተስማምቻለሁ» የሚለውን እንጫናለን። በዚያ ውል ውስጥ የተጻፈው የተሸጠልን ጌሙ ሳይሆን በጌሙ ለመጠቀም የሚያስችል ፈቃድ መሆኑ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ሰጪው ያነሣዋል። ማዋስ የለም፤ መሸጥ የለም፤ ማውረስም የለም። የጭሰኛው መከራ እንጀራውን የሚነካ ነበር፤ የኛ ጉዳት ጨዋታችንን ነው፤ ስለዚህ ክብደታቸው አንድ አይደለም። መልካቸው ግን አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ከፋዩ ሌላ፣ ባለቤቱ ሌላ ነው።

የሚቃወሙን ሁለት ጥያቄ እንደሚያቀርቡ እናውቃለን። አንደኛው፥ «ሲዲ ሲዲ ትላላችሁ፤ በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ያለው ሲዲ ያለ ፈቃድ የተቀዳ አይደለምን?» የሚለው ነው። አብዛኛው እንደ ተባለው ነው፤ አንክድም። ደራሲም፣ ዘፋኝም፣ ጌም ሠሪም የድካሙን ዋጋ ማግኘት ይገባዋል፤ አገራችንም በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 የቅጂ መብትን ደንግጋለች። ነገር ግን ይህ የኢንተርኔት ቁልፍ የሚጠብቀው በማን ላይ ነው? ክራክ የተደረገውን ጌም የሚጫወተው ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ግን በየጊዜው ይጠየቃል። ሌባውን ትቶ ባለቤቱን የሚፈትሽ ዘበኛ ቤት ጠበቀ ይባላልን?

ሁለተኛው፥ «ሲዲ ይጫራል፤ ይሰበራል፤ በኢንተርኔት የተገዛ ጌም ግን ማጫወቻው ቢቃጠል እንኳ እንደ ገና ይወርዳል» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ዛሬ የሚሸጠው ሲዲም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጌሙን በሙሉ አይዝም፤ የቀረው በኢንተርኔት ይወርዳል። ስለዚህ ክርክራችን ስለ ፕላስቲክ አይደለም። ጂ.ኦ.ጂ. የተባለው መደብር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጌሞቹን የሚሸጠው አንድ ጊዜ ካወረዷቸው በኋላ ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዲጫኑ አድርጎ ነው፤ ገዢው በፍላሽ አስቀምጦ ከዐሥር ዓመት በኋላ ቢከፍተው ማንም አይጠይቀውም። እንግዲህ ያለ ሲዲም ባለቤት መሆን ይቻላል ማለት ነው። ክርክራችን፥ ዋጋውን የተቀበለ ሻጭ ቁልፉን ይዞ አይሂድ ነው።

ዕቃችንን ሌላ ሰው ዘንድ ማስቀመጥ በራሱ ክፉ አይደለም። በግሽ ዓባይ ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሲነገር የኖረውን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ጻድቁ ሊታሠሩ ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው በጠየቁ ጊዜ ውኃው መጻሕፍቱን ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። ሕዝባችን ይህን ታሪክ ሲያወርስ የቆየው አደራ ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ጭምር ይመስለናል። ጌማችንን አደራ የተቀበለው ኩባንያ ግን «በፈለግሁ ጊዜ አልመልስም» ብሎ አስቀድሞ በውሉ ጽፏል። ይህ አደራ አይባልም።

መጽሐፍ ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 የሆነውን እናስታውስ። አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» የተባሉ ሁለት መጻሕፍት፣ የሸጠው ወገን መብቱ የለውም ብሎ፣ ከገዢዎቹ ኪንድል ውስጥ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ገንዘባቸውን መለሰ፤ የኩባንያው ኃላፊም ቆየት ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን ከሰው መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ማንሣት የሚችል እጅ መኖሩ በዚያን ቀን ታወቀ። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቤም በ2013 አዲሶቹን ሥራዎቹን በኪራይ እንጂ በሽያጭ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ኪራዩን ያቋረጠ ሰው መሣሪያው ይዘጋበታል። በጌም የተጀመረው እንዲህ እያለ ወደ መጻሕፍት ቤታችንና ወደ ሥራ ጠረጴዛችን ደርሷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

መጀመሪያ፣ ሻጭ እውነቱን ይናገር። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ባወጣው ሕግ፣ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ መደብር ይህን ለገዢው በግልጥ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም ከልክሏል። በአውሮፓም የተሸጠ ጌም እንዳይገደል የሚጠይቀው አቤቱታ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ይህ መርሕ ለበርበሬና ለጨርቅ ብቻ ሳይሆን በስልክ ለሚሸጥ ነገርም እንዲሠራ የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቢያጠኑት ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፣ የአገራችን ልጆች የሚሠሩት ጌምና አፕሊኬሽን ይህን የባዕድ ልማድ አይውረስ። ነገ ከመካከላችን ተነሥቶ ጌም የሚሠራ ሰው፣ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌም እንዲሠራ አድርጎ ይሽጠው።

ሦስተኛ፣ ማኅበራችን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መጻሕፍት ቤት ያቋቁም። ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውክፔዲያን በሙሉ አውርዶ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥና ለተማሪ ሁሉ ማካፈል ይቻላል፤ ገንዘብ አያስወጣም፤ አዋጅም አያስጥስም። መሥመሩ በሚሠራበት ቀን ካልተዘጋጀ፣ በተቆረጠበት ቀን የሚዘጋጅ ነገር አይደለም።

ሲዲው ያልፋል፤ ካሴቱም አልፏል። እኛ የምንሟገተው ለዕቃው ሳይሆን በገንዘቡ የገዛ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ እንዲጠቀም ለሚያስችለው መብት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን፤ የራሳችን ወርቅ የሰው ሆኖ ሲቀር ዝም ካልን ግን ተረቱ የሚነገረው በኛው ላይ ይሆናል።