ፎር ኦ ዋን ኬን «ሐራም ነው» ብለው ያስጣሉን ሰዎች የት አሉ?

ቢስሚላህ። 

አሜሪካ የምትኖሩ ወንድምና እህቶች ይህን ነገር ሳትሰሙት አልቀራችሁም። «ፎር ኦ ዋን ኬ ሪባ ነው፣ ተዉት» የሚሉ አጫጭር የድምፅ መልእክቶች በየቴሌግራሙ ይዞራሉ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ማስረጃ አይጠቅስም፤ የጡረታ ቁጠባው ገንዘብ ምን ውስጥ እንደገባም ገልጦ አላየም። ሰሚ ግን አላጣም። ነርሷ፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ፋርማሲስቷ ይህን ሰምተው ከአሠሪያቸው የመጣውን ወረቀት «አልፈልግም» ብለው ይመልሳሉ።

ዋጋውን እናስላው። እንበል አንዲት ነርስ በዓመት 90,000 ዶላር ታገኛለች። ሆስፒታሉ «ከደሞዝሽ እስከ 4 በመቶ ብታስቀምጪ እኔም ያንኑ ያህል እጨምራለሁ» ይላታል። ይህ በዓመት 3,600 ዶላር ነው። ሃያ ዓመት ብትሠራ፣ ምንም ትርፍ ሳይታሰብ፣ 72,000 ዶላር ለሆስፒታሉ ትታለት ወጣች ማለት ነው። ስልሳ አምስት ዓመት ሞልቷት ጉልበቷ ሲደክም ያ ድምፅ የላከው ሰው ኪራይዋን ይከፍልላታል?

«አሠሪው የሚጨምረው ራሱ ሪባ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ሪባ ምን እንደሆነ ካለማወቅ የመጣ ነው። የብድር ሪባ በተበደሩት ላይ የሚጠየቅ ጭማሪ ነው። ሆስፒታሉ ከነርሷ አልተበደረም፤ የሚጨምረው ለሥራዋ ከሚከፍለው ዋጋ አንዱ ክፍል ነው፣ እንደ ጤና መድኅኑና እንደ ዓመት ፈቃዱ። ፎር ኦ ዋን ኬ የሚለው ስምም እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ የግብር ሕጉ ውስጥ የገባ የአንቀጽ ቁጥር ነው። ነገርየው ዘንቢል ነው። ዘንቢል ውስጥ ተምርም አረቄም ሊገባ ይችላል። ዘንቢሉን ሐራም የሚል ሰው የለም፤ ውስጡን ሳያይ ተሸክሞ ቤቱ የሚገባም ሰው ጤነኛ አይባልም።

ወደዚህኛው ሰው ልምጣ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በዓመት 180,000 ዶላር የሚያገኝ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው እንበል። መኪና ለመግዛት ሦስት ወር ያጠናል። የጡረታ ሂሳቡን ግን በተቀጠረ ቀን ፈርሞ ከዚያ ወዲህ ከፍቶ አላየውም። ሠራተኛው ራሱ ካልመረጠ ብዙ ድርጅቶች ገንዘቡን የሚከቱት በጡረታ ዓመቱ በተሰየመ ድብልቅ ፈንድ ውስጥ ነው፤ «2050» ወይም «2055» የሚል ቁጥር ያለበት ነው። በውስጡ አክሲዮንም ቦንድም አለ። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ አበድሮ ወለድ መቀበል ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። የጡረታው ዓመት እየቀረበ ሲመጣ ፈንዱ አክሲዮኑን እየቀነሰ ቦንዱን ይጨምራል። ጺሙ በሸበተ ቁጥር የሪባ ድርሻው እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው፣ ሱብሐነላህ! ከሱረቱል በቀራህ 275 እስከ 279 ያሉት አንቀጾች በኹጥባ ሲነበቡ አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጠው ይኸው ሰው ነው።

ሲጠየቅ «ዶሩራ ነው፣ ምርጫ የለኝም» ይላል። ወንድሜ፣ ዶሩራ የሚበላ አጥቶ ሞት ለደረሰበት ሰው የተሰጠ ፈቃድ ነው። በ180,000 ዶላር ደሞዝ ዶሩራ የለም። ምርጫውም አለ፤ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል እንጂ። ሂሳብህን ከፍተህ የፈንዶቹን ዝርዝር እይ። የቦንድ፣ የመኒ ማርኬትና «ስቴብል ቫልዩ» የሚባሉትን ለይተህ አውጣቸው፤ እነዚህ ወለድ ናቸው። አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኛው ከዝርዝሩ ውጭ ራሱ እንዲገዛ የሚፈቅድ መስኮት አላቸው፤ በዚያ በኩል እንደ አማና ያሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሸሪዓ መስፈርት የሚሠሩ ፈንዶችን መግዛት ይቻል ይሆናል። መስፈርቱም የተጻፈ ነው። ባህሬን ያለው አዮፊ በ21ኛው መለኪያው የኩባንያው ዋና ሥራ ሐላል እንዲሆን፣ በወለድ የተበደረው ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሐራም ገቢው ከ5 በመቶ በታች እንዲሆንና ያችም ድርሻ ተሰልታ ለድሆች እንድትወጣ ይጠይቃል።

መስኮቱ ከሌለስ? የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቅ፣ ለብቻህ ሳይሆን አሥራ አምስት ሙስሊም ሠራተኞች ፈርማችሁ። የሶላት ክፍል ጠይቀን አግኝተን የለ? እስኪገኝ ድረስ ግን እኔ የማደላው ለዚህ ነው፦ አሠሪው የሚጨምርበት ልክ ድረስ ብቻ ቦንድ በሌለበት የአክሲዮን ፈንድ ማስቀመጥ፣ የባንክና የመሰሉትን ድርሻ እያሰሉ ማውጣት፣ ቀሪውን ቁጠባ ደግሞ ራስህ በምትመርጥበት ሮዝ አይ አር ኤ ማድረግ። የእሱ ጣሪያ ከ50 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እ.ኤ.አ. በ2025 7,000 ዶላር ነበር፤ ገቢው በጣም ከፍ ያለ ሰው ግን ገደብ አለበት። ባንክ የተቀላቀለበትን ፈንድ ጨርሶ የማይቀበሉ ዑለማዎች አሉ፤ እነሱን የያዘ ሰው ላይ ነገር የለኝም። ነገሬ ሳያይ «ሐራም» ከሚለውና ሳያይ «ምንም አይደል» ከሚለው ጋር ነው።

ትልቅ ደሞዝ ራሱስ? ደሞዝ በመብዛቱ ሐራም አይሆንም፤ ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከሶሐባ ሀብታሞች አንዱ ነበሩ። የሚጠየቀው ሥራው ነው። የወለድ ውል እያዋዋለ የሚውል ሰው፣ የሪባን ጸሐፊና ምስክር የሚመለከተውን የሙስሊም ዘገባ ሄዶ ያንብብ።

«ልጆቼ ጡረታዬ ናቸው፣ ለተቀረው ተወኩል» የሚሉ አባቶችን ግን በአክብሮት መቃወም ያስፈልጋል። እቁብ ሐላልና ደግ ነገር ነው፤ ሥራ ካቆሙ በኋላ ግን መጣል አይቻልም። የመንግሥቱን ሶሻል ሴኩሪቲ ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት ገደማ የተመዘገበ ሥራ ይጠይቃል፣ መጠኑም በተመዘገበው ገቢ ልክ ነው። በአርባ አምስት ዓመቱ መጥቶ ገቢውን በከፊል ብቻ ያስመዘገበ ባለ ታክሲ ምን ያህል እንደሚደርሰው አስቡት። ሰዕድ ቢን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ንብረታቸውን ሊሰጡ ሲነሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶ በላይ የከለከሏቸው ወራሾቻቸው የሰው እጅ እንዳያዩ ነበር። የግመሏን ሐዲስ ደግሞ ሁላችንም እናውቃታለን።

አንድ ነገር ቀረ፤ ዘካው። ይህ ገንዘብ የራስህ ከሆነ ኒሳብ ሲሞላ ሐቅ አለበት። ከዑለማዎች «እጅህ ሲገባ ነው የምታወጣው» ያሉ አሉ፤ «ዛሬ ብታወጣው የሚቀርህን አስልተህ በየዓመቱ ስጥ» ያሉም አሉ። በሁለተኛው ብንሄድ፣ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ለሚያወጣ ሰው 10 በመቶ ቅጣት አለ፤ ግብሩን 22 በመቶ ብንለው ከ100,000 ዶላር 68,000 ይቀራል። ዘካው 1,700 ዶላር ነው። አሠሪው ጨምሮልህ ገና በሕግ ያንተ ያልሆነው ድርሻ ከሂሳቡ ይወጣል። ባለፈው ረመዷን ዘካህን ስታሰላ የባንክ ደብተርህንና የሚስትህን ወርቅ ቆጥረሃል፤ ይህኛው ሂሳብ ግን ከወረቀቱ ላይ ነበር?

ወላሁ አዕለም።